እፉኝቱ ለምን ወጣ

ሮቢት፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዋሲሁን

አሰላሙ ዓለይኩም። አፍዴራ ጨው የምትጭንበት ቦታ ስልክ አይሠራም ስላሉኝ ይህን በሾፌሩ በሙላው እጅ ልኬልሃለሁ። ባለቤትህ ሳሊሀ ደህና ናት። ልጅህ ሰልዋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትናገር ታፏጫለች። ከብቶቹ ከስተዋል እንጂ ቆመዋል።

ስለ እፉኝቱ ልንገርህ። ግንቦት ላይ ያ ካፊያ የወረደ ዕለት፣ ከማሳህ ድንበር ካለው ጉድጓድ ወጥቶ ሜዳ ላይ ተኝቶ ሳየው «አባታችን ያለው ነው፤ እባብ ከወጣ ዝናቡ ገብቷል፤ ዝራ» አልኩህ። አንተ ቆይ እንይ ብለህ ነበር። ታላቅ ነኝና ሰማኸኝ፤ ያለህን የማሽላ ዘር ሁሉ ዘራህ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ስድስት ቀን ጠብ ያለ ነገር የለም። ቡቃያው አረረ፣ አንተም ሄድክ። የእኔ ዘር የተረፈው በሬዬ ታሞ ስላልዘራሁ እንጂ በብልሃት አይደለም።

ከሄድክ ወዲህ ከጉድጓዱ ራቅ ብዬ ተቀምጬ እፉኝቱን አያለሁ። ሰው አበደ ይለኛል። እፉኝት በድርቅ ጊዜ ሥራ የለውም። አንዲት አይጥ ከዋጠ ለሳምንታት ትበቃዋለች፤ ሲግል ወደ ውስጥ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ጥቂት ሲያካፋ ግን ወጣ። ሰውነቱን ጠፍጣፋ አድርጎ ተጠቅልሎ ተኛ። ጠብታው ጀርባው ላይ ሲጠራቀም አንገቱን መልሶ ከገዛ ቆዳው ላይ ይጠጣ ጀመር። ካፊያው ሲያባራ ተመልሶ ገባ። ለካ ስለ ክረምት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚወጣው ጠምቶት ነው። በአባታችን ዘመን ካፊያውን ዝናብ ይከተለው ስለነበር እባቡ ያወቀ መሰለን። ዛሬ ካፊያው ብቻውን መጥቶ ብቻውን ይሄዳል።

አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ። ይህን ፊት ለፊት መናገር አቅቶኝ፣ የሄድክ ዕለት ከብት ጠፋብኝ ብዬ ተደበቅሁ። የጠፋ ከብት አልነበረም።

ከአራት ቀን በፊት ደህና ዝናብ ጣለ፤ ከደጋውም ጎርፍ ወርዶ መሬቱ ጠጣ። ጎረቤታችን ደሳለኝ «ውዱ፣ እባብህ ምን አለ? እንዝራ?» አለኝ። «እኔ እንጃ» አልኩት። በዕድሜዬ ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ሳሊሀ ደግሞ «ጋሼ፣ የእኛ መሬት ዘንድሮ ጦሙን ሊያድር ነው?» አለችኝ።

የማሽላ ጊዜው ስላለፈ፣ በማግስቱ የተረፈኝን ማሽላ ጎብዬ ገበያ ወስጄ ፈጥኖ በሚደርስ የጤፍ ዘር ለወጥኩት። ያገኘሁት ለአንድ ማሳ ብቻ የሚበቃ ነው። ትናንት ያንተን ዘርቼ ጨረስኩ። መያዝ አለመያዙን አላህ ያውቃል፤ እኔ ከእንግዲህ አልተነብይም።

አላህ ከዚያ ፀሐይ ይጋርድህ፤ እግርህን ወደ ቤትህ ይምራው። ለኅዳር አጨዳ ድረስ። እኔ ዘንድሮ የራሴ የሚታጨድ የለኝም፤ ያንተን አግዝሃለሁ።

ታላቅህ ውዱ