ስክሪን የሌለው ማሽን ያሳየኝ

ሰኞ

አሁንም አርባ ደቂቃ። ለአንድ ምስል አርባ ደቂቃ! ሳተላይቱ እስካሁን የላከው የመሬት ልኬት ስልሳ ነው፤ ስልሳውንም ወደ ምስል ቀይሬ ማያያዝ አለብኝ። ምስሉን የሚሠራው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ስክሪን የለውም፤ ይሥራ ይተኛ አይታወቅም። ያለቀውን ፋይል ብቻ በላፕቶፔ እከፍታለሁ።

ጠዋት አዋሽ ከተማ ላይ መሬቱ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። እህቴ ዘይነብ ደወለች። እዚያ ምግብ ቤት አላት፤ ከኋላው ከአራት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ግድግዳው ተሰንጥቆ ጣቷ እንደሚገባበት እየሳቀች ነገረችኝ። ውጪ አልኳት። "አንቺ ሰመራ ቁጭ ብለሽ ታስፈራሪኛለሽ! አሳዪኝና እወጣለሁ" አለች።

ማክሰኞ

ዓሊ ከመስክ ተመለሰ። የቢሯችን የሥነ ምድር ባለሙያ ነው፤ የዚሁ የአፋር ልጅ። ገዋኔ ላይ ዳጉ ሰምቷል፤ አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሳይለዋወጥ አያልፍም። ከአዋሽ ወዲያ ያሉ አርብቶ አደሮች ነቅለው ሄደዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ፍየሎቹ በረት አንገባም ብለው ሦስት ሌሊት ቆመው አደሩ አሉ።

"የአንቺ ማሽን ምን ይላል?" አለኝ። ገና ነው ስለው አፈርኩ።

ረቡዕ

ጉዴ ወጣ። ለዚሁ ሥራ የተገዛው ጂፒዩ፣ ምስል የሚያፈጥነው ካርድ፣ ከተገጠመ ጀምሮ ምንም አልሠራም! ዜሮ በመቶ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ስክሪን ይፈልጋል፤ ሲያጣ ካርዱን ትቶ ሥራውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይጭናል፤ ስህተት አለ ብሎ እንኳ አይናገርም። እኔስ? በየጊዜው ካርዱን እነካለሁ፣ ይፋጃል፣ እየሠራ ነው ብዬ እሄዳለሁ። ሰመራ ላይ የማይፋጅ ምን አለ? የበሩ እጀታም ይፋጃል።

ያደረግኩት፦
– ስክሪን ሳይጠይቅ በቀጥታ ካርዱን እንዲጠቀም አዘዝኩት። እምቢ አለ።
– ካርዱን የመጠቀም ፈቃድ ሰጠሁት።
– እንደገና አስነሳሁት።

አሥራ አንድ ሰከንድ! ጮህኩ። ሁሉም ምሳ ወጥቷል፤ የሰማኝ የለም።

ስልሳውንም በቪዲዮ አያይዤ ከፈትኩት። እስከ ዛሬ አንድ አንድ እያልኩ ሳይ መሬቱ ዝም ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ ይተነፍሳል። ያብጣል፣ ይጎድላል፣ ደግሞ ያብጣል፤ የተኛ ሰው ደረት ነው የሚመስለው። ውጭ ፀሐዩ ሜዳውን አንጥቶታል፤ ድምፅ የሚባል የለም። የእኔም ትንፋሽ ከእሱ ጋር ሲወጣና ሲገባ አገኘሁት። ላፕቶፑን ዘግቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ።

ዓሊ ሲመጣ አብረን አየነው። መጨረሻዎቹ ስድስት ምስሎች ላይ መሬቱ አብጦ ቀርቷል፤ አይጎድልም። የአዋሽ ከተማን የአየር ፎቶ ደረብኩበት። እብጠቱ የዘይነብ ሰፈር ላይ ነው። "ትንፋሹን ይዟል" አለ ዓሊ ቀስ ብሎ።

ሐሙስ

ቪዲዮውን ላክሁላት። ብዙ ቆይታ ደወለች።

"ይሄ የእኔ ጣሪያ ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ከሥሩ የሚተነፍሰው ማን ነው?"

መልሴንም አልጠበቀችም፤ "አዑዙ ቢላህ" ብላ ዘጋችው። ከሰዓት ልጆቹን ይዛ መልካ ወረር ጓደኛዋ ቤት ገባች።

አርብ

ምንም የለም። አንድም መንቀጥቀጥ የለም። ዘይነብ ሦስቴ ደወለች። ደንበኞቿ ሌላ ቤት መሄድ ጀምረዋል፤ ነገ እመለሳለሁ ትላለች። አዲስ ልኬት ነገ ይገባል፤ እስከ እሁድ ብቻ ብዬ ለመንኳት። ፈርቻለሁ። የባሰው ደግሞ፣ ትክክል ሆኜ ልገኝ ብዬ የሆነ ነገር እንዲደርስ የተመኘሁ መሰለኝ። ይህን ለማንም አልናገርም።

ቅዳሜ

አዲሱ ልኬት ስድስት ሰዓት ላይ ገባ። ምስሉ ቡና ሳልቀዳ አለቀ። እብጠቱ የለም። መሬቱ ተንፍሷል።

ስልክ ሳነሳ ዘይነብ ከመልካ ወረር ቀደመችኝ። ጎረቤቷ ደውሎላታል፤ ረፋድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ምግብ ቤቱ ቆሟል። ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ግን ወለሉ ለሁለት ተከፍሎ አልጋው ውስጥ ገብቷል። ከስንጥቁ ትኩስ አየር ይወጣል፤ ቆይቶ ይወጣል፣ ደግሞ ያቆማል አለ። ቀርቦ ለማየት የደፈረ የለም።

ዘይነብ የልጆቿን ስም አንድ በአንድ ጠርታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ምስሉን እንደገና ከፍቼ ጣሪያዋን ፈለግኩ። ከሥሩ ማንም የለም። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም የለም።