የጋሽ ታደሰ አረንጓዴ ጨረር

ሀርጌሳ፣ ሐሙስ ጥቅምት 14

ይህን የምጽፈው ዓይን ሐኪም ደጃፍ ተቀምጬ ነው።

አብረውኝ የሚኖሩት ሹፌሩ ጋሽ ታደሰ አረንጓዴ ጨረር የሚያወጣ በእጅ የሚያዝ ሌዘር ገዝተው መጡ። በበርበራ መንገድ ረጅም መብራት አልቀንስም ለሚል መኪና መልስ ሊሰጡበት ነው።

«በል ኢንጂነር፣ ፈትሽልኝ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ከተመረቅኩ ወዲህ በሙያዬ የፈለገኝ ሰው የለም።

ሌዘሩ ላይ ያለው ተለጣፊ ኃይሉ አነስተኛ ነው ይላል። ወደ ግድግዳው ዞሬ ጥቁር ፌስታል ላይ አበራሁት። ፌስታሉ ወዲያው ጨሶ ተበሳ። ክው አልኩ! ባትሪውን አውጥቼ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዓይን ያጠፋል! ሰው ላይ አብርተዋል እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ በማርያም! የራሴ መኪና ስፖኪዮ ላይ ነው የሞከርኩት፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ።»

መስታወት ላይ! ጨረሩ ተመልሶ የሚያርፈው እሳቸው ዓይን ላይ ነው። ደጅ የቆመውን ባጃጅ ሰሌዳ አንድ አንድ ዓይናቸውን እየሸፈኑ እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው።

«አንተ ደግሞ፣ መንጃ ፈቃድ ልትሰጠኝ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። በግራ ዓይናቸው ጥርት አድርገው አነበቡት። በቀኙ ሲሆን ሳቃቸው ቆመ።

«መሃሉን ቁጥር ማን ፋቀው?»

ማንም አልፋቀውም። ወደዚህ ልንመጣ ስንነሳ፣ ሳልጠይቃቸው የመኪናቸውን ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩት።