በሚቀዳ ስልክ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን የሚያምሽ ነገር ለቀቀሽ? እናትሽስ ደህና ናቸው? ይህን ሁሉ በወረቀት የምጠይቅሽ ወድጄ አይደለም። ከተለያየን ወዲህ በሥራ ቀን ሁሉ ድምፅሽን እሰማለሁ፤ ግን ንግግሩ ሁሉ በሚቀዳ የሥራ ስልክ ማን ወገብ ይጠይቃል? አንቺ ከመቆጣጠሪያ ማዕከሉ "አሥር ሜጋ ዋት ጨምር" ትያለሽ፣ እኔ ከጋዝ ማመንጫው "አሥር ሜጋ ዋት እጨምራለሁ" ብዬ እደግማለሁ፣ ይዘጋል። ልጃችን አንድ ቀን "አባዬ፣ እናንተ ሳትጣሉ የምታወሩት ስለ መብራት ብቻ ነው አይደል?" ብላኛለች። እውነቷን ነው።

ከሥራ ከታገድሽ ጀምሮ እህል አልበላ ብሎኛል። ክሱን ሰምቻለሁ። የሲሚንቶ ፋብሪካውን መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ አጥፍታ ምድጃውን አበላሸች፣ ግማሹን ከተማ በእራት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ከተተች፣ ያውም የጋዝ ማመንጫው ደህና ነኝ እያላት ይላሉ። ታክሲ ውስጥ አንዱ "ሴትዮዋ አብዳ ነው" ሲል ልተናነቀው ምንም አልቀረኝም። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

በዚያን ቀን አንቺ ያላየሽውን ልንገርሽ። ዝናቡ ዘግይቶ፣ ግድቦቹ ጎድለው፣ አገሩ ሁሉ በእኛ በጋዙ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ታውቂያለሽ። ኃላፊያችን በዚያ ሳምንት ማሽኑ በምንም ምክንያት እንዳይቆም ብሎ፣ አደጋ ሲመጣ ራሱን የሚያጠፋበትን መከላከያ አስነቅሎት ነበር። ይህን ለአንቺ የነገረሽ ሰው አልነበረም። አመሻሽ ላይ ማሽኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሻይ ብርጭቆዬ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ወደ ጠርዙ ሲሄድ አየሁት። የንዝረቱ መለኪያ ቀዩን መስመር አልፏል። ሁለቱ መካኒኮች ከማሽኑ አጠገብ ሆነው በእጃቸው ምን እናድርግ ይሉኛል። በዚህ መሀል አንቺ ደወልሽ። ንዝረቱ እንዴት ነው አልሽኝ። ከመስመሩ በታች ነው አልኩሽ። እስከ ማታ ትይዛላችሁ ወይ አልሽኝ። ችግር የለም፣ ችግር የለም አልኩሽ።

ኃላፊውን ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ እልህ ነው። አንቺን መለመን አቃተኝ። "እርጂኝ" የሚለው ቃል ለአንቺ ሲሆን ከአፌ አይወጣም፤ ድሮም አይወጣም ነበር። የሁለት ሰው ነፍስ በእጄ ይዤ እልህ ተጋባሁ።

አንቺ ግን ስልኩን አልዘጋሽውም። ቀጥሎ አለቃሽ ከጀርባሽ "ማን ፈቀደልሽ?" እያለ ሲጮህ ሰማሁ። ማሽኔ ሲቆም አገሩ ሁሉ እንዳይጨልም የፋብሪካውንና የከተማውን መስመሮች እያጠፋሽ ነበር። ጭነቱ ሲወርድልኝ፣ በዚያው ረጋ ባለ ድምፅሽ "አሁን አቁም" አልሽኝ። አቆምኩ። ማሽኑ ቀዝቅዞ ሲከፈት በውስጡ ከሚሽከረከሩት ክንፎች አንዱ ከሥሩ ተሰንጥቆ ለመበጠስ ጥቂት ነበር የቀረው። ቢበጠስ ኖሮ እኛም አንተርፍ፣ አገሩም በአንዴ ይጨልም ነበር። ክስሽን የሚያየው ኮሚቴ ይህን ሰምቶ "ዕድል ነው፤ ዕድል ደግሞ ደንብ ከመጣስ ነፃ አያወጣም" አለ።

በምን አወቅሽ ሲሉሽ "ገመትኩ" ብቻ እንዳልሻቸው ነገሩኝ። አንቺ! ሻይ ላይ ስኳር ስትጨምሪ እንኳ ማንኪያውን በጣትሽ ደልድለሽ የምትለኪ ሴት ገመትኩ ትበል! ውሸቴን ሸፍነሽ ማንን ልታድኚ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ኃላፊያችንም ለብቻዬ ጠርቶ፣ ቴፑ ላይ ካለው ቃል ንቅንቅ ብትል እንጀራህ እንደሚቋረጥ እወቀው አለኝ።

ትናንት ጠዋት ኮሚቴው ፊት ተጠርቼ ገባሁ። ሰብሳቢው ቅጂውን አሰሙኝና "አንተ ደህና ነኝ እያልክ እሷ በምን አወቀች?" አሉኝ። መለኪያውን እያየሁ እንደዋሸሁ ተናገርኩ። ስለ መከላከያውም ተናገርኩ። ቀጠልኩና፣ ስፈራ "ችግር የለም"ን ሁለቴ እንደምል፣ ልጃችን በተወለደች ቀን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እንደዚያ እያልኩ እንዳስቸገርኩ፣ በዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ እንዳለና ስልኩ ላይ የነበረችው እሷ እንደሆነች ነገርኳቸው። አንዱ አባል ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ግን መነጽራቸውን አውልቀው "ታዲያ ምን ሆናችሁ ተለያያችሁ?" አሉኝ። ሰብሳቢው ከአጀንዳ ውጭ ነው አሉ። ከአጀንዳ ውጭ በመሆኑ ደስ አለኝ።

እግድሽ ተነስቷል። ሰኞ ወንበርሽ ላይ ትቀመጫለሽ። አለቃሽ ቢያኮርፍም አትመልሽለት፤ ይለቀዋል። ልጃችንን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ከእንግዲህ ሥራ ስለማልገባ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እኔ ልቀበላት እችላለሁ፣ አንቺ አትሯሯጪ።

አንድ አደራ አለኝ። ሰኞ ከእኛ በኩል በእኔ ቦታ ስልኩን የሚያነሳው ዝምተኛው የምንለው ባልደረባችን ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ እንዳትቆጪው። እሱ ሲፈራ ይቀልዳል። የቀለደልሽ ቀን አትሳቂ፤ ጭነቱን ቀንሺለት።

ክፉ አይንካሽ።

የልጅሽ አባት