ከእናታቸው ወንበር ፊት፦ የዶክተር ኦቲሊያ ካናሌስ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ኦቲሊያ ካናሌስ ከአባታቸው ከአቶ ፊደንሲዮ ካናሌስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሶኮሮ ባሬራ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1948 በካሊፎርኒያ፣ በሪድሊ ከተማ ተወለዱ። ስማቸው የተገኘው በዕለቱ ከምትታሰበው ቅድስት ነው። እናታቸው ግን ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ነበረ፤ ሌላ የማነበው አልነበረኝም» ይሉ ነበር።

ወላጆቻቸው በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ የወይን ማሳዎች ለቃሚዎች ነበሩ። ዶክተር ኦቲሊያ የቤቱ በኩር ስለነበሩ እንግሊዝኛን ከሁሉ ቀድመው አወቁ። ስለዚህ ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ በትምህርት ቤት፣ በፖስታ ቤትና በሐኪም ቤት የወላጆቻቸው አስተርጓሚ ሆኑ። እዚህ ከተሰበሰብነው ብዙዎቻችን ይህን ሥራ እናውቀዋለን።

በሴፕቴምበር 1957 አቶ ፊደንሲዮ ሳል ጸናባቸውና ከልጃቸው ጋር ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ሦስት ነገር ተናገሩ፦ ሕመሙ ከአፈር ብናኝ የሚመጣው የሸለቆ ትኩሳት መሆኑን፣ ሳንባቸውን ክፉኛ መጉዳቱን፣ ዳግመኛም ማሳ መግባት እንደሌለባቸው። ወቅቱ ወይኑ በየረድፉ መካከል ወረቀት ላይ ተሰጥቶ ዘቢብ የሚሆንበት ሳምንት ነበር። አባት ገና ሐኪሙ ሳይጨርሱ ባርኔጣቸውን አንስተዋል። የስምንት ዓመቷ አስተርጓሚ የበሽታውን ስም ተናገሩ፤ የቀረውን ግን አስቀሩት። «ትንሽ ዕረፍ ነው ያለህ፣ አባዬ» አሉ።

አቶ ፊደንሲዮ በማግስቱ ማሳ ገቡ። በተከታዩ ዓመት በማርች ወር ዐረፉ። ዶክተር ኦቲሊያ ያስቀሩትን ነገር ለሠላሳ ሦስት ዓመት ለማንም ሳይናገሩ ኖሩ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሪድሊ፣ ኮሌጅን በፍሬስኖ ተምረው በ1971 በሳን ፍራንሲስኮ የሕክምና ትምህርት ጀመሩ። በክፍላቸው ከወይን ማሳ የመጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው ተማሪ ከዓመት በኋላ ትምህርቱን ጥሎ ወደ አገር ቤቱ ተመለሰ። «ከበደው እንጂ ሰነፍ አልነበረም፤ እንዴት ሰነበትክ የሚለው ሰው ጠፋ» ይሉ ነበር ስለ እርሱ ሲያነሡ። በ1975 ተመረቁ። በ1977 የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካኒክ ከሆኑት ከአቶ ሩበን ኤስኮቶ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ኢርማንና አዳልቤርቶን ወልደዋል። በ1979 ወደ ሸለቆው ተመልሰው የቤተሰብ ሐኪም ሆኑ። በክሊኒካቸው ልጅ እንዲያስተረጉም ፈጽሞ አይፈቅዱም ነበር፤ ለልጁ ባለ ቀለም እርሳስ ይሰጡና ትልቅ ሰው ያስጠራሉ። ምክንያቱን አይናገሩም፤ የሚጠይቃቸውም አልነበረም።

በ1983 ከስድስት ባልደረቦቻቸው ጋር በክሊኒካቸው እንግዳ መቀበያ የማዕከላዊ ሸለቆ ላቲኖ ሐኪሞች ማኅበርን መሠረቱ። የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ የተጻፈው በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ነው። ማኅበሩ አዳራሽ ስላልነበረው በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ቤታቸው ይሰበሰብ ነበር። አቶ ሩበን የሜኑዶ ሾርባ ይሠራሉ፤ ዶክተር ኦቲሊያ ድስት አጠገብ እንዳይደርሱ በማኅበሩ ሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚያመለክቱ ተማሪዎችን ጽሑፍ በእርሳስ ያርሙ ነበር። «ሰውን መርዳት እወዳለሁ» የሚል ባዩ ቁጥር ሰርዘው፣ «ይሄንን የጎረቤቴ ውሻም ይጽፈዋል። እናትሽ ምን ትሠራለች? እሱን ጻፊ» ይላሉ። ለቃለ መጠይቅ የሚሄድ ሁሉ ከኮሪደሩ ቁም ሣጥን ኮት ይዋሳል፤ አንዱ ግራጫ ኮት ብቻውን አሥራ አንድ ሐኪም አውጥቷል። ከሆንዱራስ መጥተው የኮክ ፍሬ ማሸጊያ ቤት ይሠሩ ከነበሩ አንድ የሕፃናት ሐኪም ጋርም የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናቸውን እስኪያልፉ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥንተዋል። አቶ ሩበን፣ «ሚስቴ ሁለት መቶ ልጅ ወልዳ ለእኔ ያሳየችኝ ሁለቱን ነው» እያሉ ሾርባውን ይጨልፋሉ።

በ1991 የጸደይ ወራት አንድ የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የከበደውን ነገር አወጣ። ለአንድ አዛውንት እግራቸው ሊቆረጥ እንደሚችል በስፓኒሽ እንዲነግራቸው ተልኮ፣ «ሐኪሙ በኋላ ይነግርዎታል» ብሎ ወጥቷል። ቃሉ ጠፍቶት አይደለም፤ አያቱን ስለመሰሉት ነው። ዶክተር ኦቲሊያ እርሳሳቸውን አስቀምጠው የአባታቸውን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። እናታቸው እማማ ሶኮሮ በስተጀርባቸው ባቄላ እየለቀሙ መሆኑን ረስተውት ነበር።

«አባትሽ እንኳን አንቺ ጳጳሱ ቢነግሩት ወይኑን ጥሎ አይቀርም» አሉ እማማ ሶኮሮ። «እኔ ግን ብሰማ ኖሮ ጫማውን እደብቅበት ነበር።» ባቄላውን ጥቂት አገላብጠው ቀጠሉ፦ «ስምንት ዓመትሽ ነበር፣ ልጄ። አልፈርድብሽም። ይሄ ጎረምሳ ግን ሃያ አራት ዓመቱ ነው! አምጭልኝ እነዚህን ልጆች። በሽተኛዋ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ተማሪዎች በእማማ ሶኮሮ ወንበር ፊት እየተቀመጡ አንድ ከባድ በሽታ በስፓኒሽ፣ ምንም ሳያስቀሩ ይነግሯቸው ጀመር። እማማ ሶኮሮ ካላመኑ፣ «ክኒኑን አልውጠውም» ይላሉ፤ ተማሪው ወድቋል። ካመኑ ደግሞ፣ «ስንት ሰዓት ነው የምውጠው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አልፏል። ሌላ ውጤት የለም። «ይሄ ልጅ በሽታዬን ለጣሪያው ነው የነገረው» የተባሉ ዛሬ የታወቁ የልብ ሐኪም ናቸው። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ልጆቹ እያለቀሱ ይወጣሉ ብለው ቢያመለክቱ፣ እማማ ሶኮሮ፣ «እዚህ ያልቅሱ እንጂ! ወይስ በሽተኛው አልጋ ላይ ይሻልሃል?» ብለው መልሰዋቸዋል።

በ2009 ከሜንዶታ የመጡት ተማሪ፣ የዛሬዋ የካንሰር ሐኪም ዶክተር ኔሬይዳ ሳውሴዶ፣ ሦስት ጊዜ ተፈትነው ሦስቱንም ወደቁ። «ጎበዝ ልጅ ነሽ» አሏቸው እማማ ሶኮሮ፤ «መጥፎው ነገር ጋ ስትደርሺ ግን ትሮጫለሽ። ምን ያስሮጥሻል? እኔ የትም አልሄድም።» ዶክተር ኔሬይዳ ሳያልፉ ተመርቀው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። እማማ ሶኮሮም በ2014 በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ ዶክተር ኦቲሊያ ራሳቸው ተቀመጡ።

ባለፈው ፌብሩዋሪ ዶክተር ኦቲሊያ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ከምርመራው በኋላ ውጤቱን የሚነግሯቸው ወደ ፍሬስኖ የተመለሱት ዶክተር ኔሬይዳ ነበሩ። ልጃቸው ኢርማ፣ «እማ፣ እኔ ልግባና ልስማ፤ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ» ብትላቸው፣ «በእኔ ቤት ልጅ አያስተረጉምም» ብለው ከለከሏት። ኢርማ አርባ አምስት ዓመቷ ነው።

ዶክተር ኔሬይዳ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ። በስፓኒሽ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ፣ ካንሰሩ ከቆሽታቸው መነሣቱን፣ ጉበታቸው መድረሱን፣ ቀዶ ሕክምና እንደማይረዳቸው፣ የቀራቸው ጊዜ በወራት የሚቆጠር መሆኑን ነገሯቸው። አልሮጡም። በመጨረሻ ለሕመሙ ማስታገሻ የሚሆነውን ክኒን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ዶክተር ኦቲሊያ ብልቃጡን አንስተው መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡት።

«ስንት ሰዓት ነው የምውጠው?» አሉ።

ዶክተር ኔሬይዳ ሰዓቱን ነገሯቸው። ኢርማ ኮሪደሩ ላይ ሆና የሁለቱንም ሳቅ ሰማች፤ ከዚያም ልቅሶአቸውን።

ዶክተር ኦቲሊያ ቀሪዎቹን ወራት በቤታቸው አሳልፈው ኦገስት 21 ቀን 2024 በሰባ አምስት ዓመታቸው በባለቤታቸውና በልጆቻቸው መካከል ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ሩበንን፣ ሁለት ልጆችን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አንድ ወንድምና ማኅበሩ ቆጥሮ ያልጨረሳቸውን ሐኪሞች ትተዋል። በመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ ስብሰባው እንደ ወትሮው ነው። ወንበሩ ላይ አቶ ሩበን ይቀመጣሉ፤ ክኒን መዋጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደማይወዱ ተማሪዎች ከወዲሁ ይወቁት።

የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ስፍራ ይቀበልልን። አባትና ልጅ በዚያ ያለ አስተርጓሚ ይነጋገሩ። አሜን።