ካንዴላው የገብስ ቆሎ መስሎ ነበር

ሰኞ፣ የካቲት 9

ሞተሩን ሦስት ጊዜ አስነስቼ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ምንም የለበትም። ምንም ስለሌለበት ነው እንግዲህ የጠረጠርኩት።

ሰዒድ ጠዋት ባለ አራት ጎማ ሞተሩን ጭኖ መጣ። አባቱ ወሎዬ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ መኪናቸውን ሃያ ዓመት የጠገንኩት እኔ ነኝ። ልጁ ፋብሪካ የሠራለትን የጭስ ማውጫ ማርሚታ አውልቆ አጭር ክፍት ማርሚታ አስገጥሟል። የአየር ማጣሪያውን ሳጥንም አውጥቶ ጥሎ በቦታው ቡጢ የምታክል ክፍት ፊልትሮ ሰክቷል። ሁለቱንም ዘመዱ ከዱባይ ያመጣለት ነው። ሲነሳ የቂርቆስ ውሾች በሙሉ ጮኹ።

ጥያቄው አንድ ነው። "ጋሽ ታደለ፣ አየሩን እንዲህ ከፈትኩለት፤ ቤንዚኑስ አብሮ መስተካከል የለበትም?"

ቅዳሜ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር አሥር ቀን በአሸዋ ላይ እየዞረ የግመል ክትባት ሊያደርስ ነው። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው ነው። ረመዳንም በዚሁ ሳምንት ይገባል። ጾሙን ይዞ በዚያ ሐሩር መሀል ሞተሩ ቢቆምበት... እሱም አልጨረሰው፣ እኔም አልጨረስኩለት።

ከዚያ ጫማውን እያየ "ፎቶውን ለሄለን በቴሌግራም ልኬላት ነበር። ይፈልጋል አለች። ትልቅ ጂግለር ካልገባለት ፒስተኑ ግሎ ይጣበቃል አለች" አለኝ።

ሄለን! ካዛንቺስ ሳለን አራት ዓመት ከእኔ ጋር የሠራች ልጅ ናት። ካርቡሬተር መፍታት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጂግለር ማለት የጤፍ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ያላት የነሐስ ብሎን እንደሆነች፣ ቤንዚኑ በእሷ በኩል እንደሚያልፍ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ጋራዣችን ሲፈርስ እኔ ቂርቆስ መጣሁ። "ነይ አብረን እንሥራ" ስላት "አስቤ ልንገርዎት ጋሼ" ብላ ኦሎምፒያ የራሷን ከፈተች። እስካሁን እያሰበች ነው በቃ።

አሁን ደግሞ በፎቶ ሐኪም ሆናለች። ጂግለር የሚሸጠውስ ማነው? እሷ። ነገር ሸተተኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ከጀርባችን ያለውን ዳገት ስድስት ጊዜ አመላለስኩት። ጎረቤቶቼ ሰደቡኝ፤ ልክ ናቸው።

የያዝኩት ይኸው፦
ሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልሰጠው፦ ይዟል።
ሙቀት፦ ደህና።
ነዳጅ ሰጥቼ ስለቀው መተኮስ፦ የለም።
ካንዴላ፦ ልክ የገብስ ቆሎ።

ካንዴላ፣ ያ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው፣ አይዋሽም። ቤንዚን ከበዛበት ጥላሸት ይለብሳል፣ ካነሰው ይነጣል። የገብስ ቆሎ ከመሰለ ጤነኛ ነው። የድሮ ማርሚታው ሳይወልቅ የነበረውን ካንዴላም ከሰዒድ ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፤ ጥቁር! ጥላሸት ብቻ። ማለቴ፣ ሞተሩ ማርሚታና ፊልትሮው ከተቀየረለት ወዲህ ዳነ እንጂ አልታመመም። ታዲያ ምን ያስተካክሉለታል?

ለሚስቴ ለብርቄ ምሳ ላይ ነገርኳት። አልሰማችኝም። ሽምብራው አልበስል ብሏት እየተነጫነጨች ነበር። ሚስቴ ድሬዳዋ ተወልዳ ስላደገች የሁዳዴ ጾም በገባ ቁጥር ይኸው ጭቅጭቅ ነው። "ድሬ ቢሆን እስካሁን ሟሙቶ ነበር" ትላለች። "እሳቱን ጨምሪዋ" አልኳት። አንዴ አየችኝና ተወችኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ይኸው መጣች! ሄለን ራሷ፣ ቱታዋን እንደለበሰች፣ ከኦሎምፒያ ድረስ። "ጋሼ ደህና ኖት? እንዴት ነው ጤና?" ምናምን። ከጤና ጥየቃ በኋላ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ካንዴላውን አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩላት። አገላበጠችው። ወደ ብርሃን ይዛ አየችው። ዝም አለች። ያቺ ዝምታዋ ምን ያህል እንዳስደሰተችኝ እግዜር ይወቀው። አንጀቴ ራሰ።

ቀና ብላ ግን "ወዴት ነው የሚሄደው?" አለችኝ።

"ምን አገባሽ?" አልኳት።

"አይ፣ የሚነዳበትን ቦታ ማወቅ ፈልጌ..."

"ደንበኛዬ የሚሄድበትን ለምን ፈለግሽው?"

ጆሮዋ ድረስ ቀላች። "እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ" ብላ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ግን በፌስታል የተጠቀለሉ ሁለት ጂግለሮች ጥላ ሄዳለች፤ አንዱ ተለቅ፣ አንዱ ከሱም ተለቅ ያለ።

ሦስት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ ሳትጠራ ለምን መጣች? ሁለተኛ፣ ካንዴላው አፏን ካዘጋት በኋላ ስለ መንገዱ ለምን ጠየቀች? ሥራውን ሰምታለች ማለት ነው፤ ሐኪሙን በሌላ ሞተር ልትወስደው ፈልጋለች። ሦስተኛ፣ ጂግለሮቹን ረስታ ነው ሆን ብላ? ብገጥማቸው "በእኔ ጂግለር ነው የሠራው" ልትል! መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳቸው።

ለብርቄ ስነግራት "አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ልትጠይቅህ መጥታ ይሆናል እኮ" አለች። የዋህ ናት።

አርብ፣ የካቲት 13

ሰዒድ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ሦስተኛ ጾሙ ነው። "ታዲያ ጋሽ ታደለ፣ ልተማመን?" አለኝ።

"ምንም አያስፈልገውም። ታደለ ብሏል በል" አልኩት አፌን ሞልቼ።

"ወላሂ እርስዎ ካሉ በቃ።" ትከሻዬን ሳመኝና ሞተሩን ወሰደ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ያቺ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ያለ ምክንያት ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ማታ ነው የምጽፈው።

ሰዒድ ሞተሩን አይሱዙ ላይ ጭኖ ጠዋት ወጣ። እኔ ምሳ ልበላ ገባሁ። ብርቄ ሽምብራውን ጥዳ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። እህቷ ድሬዳዋ ናት። እኩል ነው የጣዱት፤ የእህቷ በስሎ፣ ተበልቶ፣ ድስቱ ታጥቧል። የእኛው ገና ጠጠር ነው።

"ውኃው ነው" አልኩ እንደ ልማዴ።

"ውኃው አይደለም!" ብላ ጮኸችብኝ። "አየሩ ነው! አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ውኃው በደንብ ሳይግል ይፈላል፣ ሽምብራው አይበስልም። ተማሪ ሆነን አስተማሪያችን ነግሮናል። ሠላሳ ዓመት ስነግርህ መቼ ሰማኸኝ?"

የያዝኩት ቁራሽ እጄ ላይ ቀረ።

አየሩ ስስ ነው።

ሞተሩም የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር አይደል? ከፋብሪካ ሲመጣ ለቆላ አየር ተለክቶ ነው የመጣው። እዚህ አየሩ ሲሳሳበት ቤንዚኑ በዛበት፤ ያ ጥቁር ካንዴላ! ሰዒድ ማርሚታውንና ፊልትሮውን ሲከፍትለት ተጨማሪ አየር አገኘና ተመጣጠነ፤ ያ የገብስ ቆሎ! እኔ ዳነ አልኩ። የዳነው ግን እዚህ ብቻ ነው። አዋሽ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል። መተንፈሻው እንደተከፈተ፣ ጂግለሩ እንደ ድሮው። ቤንዚኑ ያንሰዋል። አሸዋ ውስጥ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት፣ በዚያ ሐሩር...

ሾፌሮች ሁሉ "ቆላ ስንወርድ መኪናው ይጎለብታል" ይላሉ። ዕድሜ ልኬን ስሰማው ጉራ ይመስለኝ ነበር።

ሰዒድ ጋ ደወልኩ። አይሠራም። አሁንም ደወልኩ። ስምንት ጊዜ። ሰኞ ጠዋት በረሃ ይገባሉ። ጾመኛ ልጅ! "እርስዎ ካሉ በቃ" ብሎ ትከሻዬን የሳመኝ ልጅ!

ከዚያ ሄለን ጋ ደወልኩ። ያቺን ቁልፍ ለመጫን ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ አልጽፍም።

"አዋሽ ነው የሚሄደው" አልኳት፣ ያለ ሰላምታ።

"ለዚህ ነበር እኮ ጋሼ ወዴት ይሄዳል ያልኩዎት። እዚሁ ከተማ የሚነዳው ከሆነ እርስዎ ልክ ነበሩ። ካንዴላውን ሳየው ገባኝ" አለች።

ነገ ጠዋት መናኸሪያ እንገናኛለን። ጂግለሮቹን ከመሳቢያ አውጥቼ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። አሥሬ እዳስሳቸዋለሁ።

እሁድ፣ የካቲት 15፣ አዋሽ

ዛሬ የቅዱስ ቂርቆስ ቀን ነው። በወሩ በአሥራ አምስት ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም ስቀር መቼ እንደሆነ አላስታውስም። አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ተሳልኩ። "ሞተሩ ሳይነሳ ድረስልኝ" አልኩት።

ናዝሬትን አለፍን። ከዚያ ጥርጣሬዬ አላስቀምጥ አለኝና "ለምን አንቺው ለሰዒድ አልደወልሽለትም? ሐሙስም አርብም ነበረልሽ" አልኳት።

በመስኮቱ እያየች "ደንበኛ ነጠቀች እንዳይሉኝ" አለች። "አስቤ ነበር። ስልኩን አንስቼ ሁሉ ነበር። ከዚያ እርስዎ የተናገሩኝ ትዝ አለኝና ተውኩት። እሱም ስህተት ነው፤ መደወል ነበረብኝ።"

አፈርኩ። እስከ መተሐራ የሸሚዜን የላይኛ ቁልፍ ስፈታና ስቆልፍ ነው የደረስኩት።

ሰዒድን ያረፈበት ግቢ አገኘነው። "ጋሽ ታደለ! ምን እግር ጣልዎት?" ብሎ ዘሎ ተነሳ። ሞተሩን ጠዋት ሞክሮታል። "ጉልበቱ ጉድ ነው! ነዳጅ ስለቅለት ግን ጧ ጧ ይላል። አሸዋ ገብቶበት ነው መሰለኝ።"

ካንዴላውን ፈታሁት። ነጭ። እንደ ጠመኔ ነጭ።

"ሰዒድ፣ ተሳስቻለሁ" አልኩት። "ሄለን ይፈልጋል ያለችህ ልክ ነው። እኔ የአዲስ አበባን አየር አይቼ ነው የፈረድኩት።"

ልጁ ካንዴላውን እጄ ላይ እያየ ከንፈሩን አረጠበ።

ሄለን ካቻቢቴ አውጥታ ካርቡሬተሩን ፈታች። "እርስዎ ድምፁን ይስሙ፣ እኔ ልቀይር" አለችኝ። የመጀመሪያውን፣ ተለቅ ያለውን ገጠመች። ሰዒድ ነድቶት ተመለሰ። መተኮሱ ቀንሷል፤ ካንዴላው ግን ገና ገረጣ ያለ ነው። "ይቀረዋል" አልኩ። እሷም ይቀረዋል አለች። ሁለተኛውን አስገባች። ነዳ፣ ተመለሰ፣ አጠፋ። ጧ የለም። ፈታሁት።

የገብስ ቆሎ።

ፒስተኑ አልተነካም፣ በቀዳዳው በባትሪ አየነው። ሰዒድ ውኃ ገዝቶ መጣልን፤ እሱ ጾመኛ፣ እኛ በእሱ ፊት መጠጣት አፍረን፣ ጠርሙሱ መሀላችን ቆሞ ሦስታችንም ሳቅን። ከደወልኩለት ጊዜ ጀምሮ በደንብ የተነፈስኩት ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 16

ተመለስን። ሄለን ስትለየኝ "ሲመጣ የድሮውን ጂግለር ይመልሱለት ጋሼ። እዚህ ያኛው ነው የሚስማማው" አለች። ያኛው ማለት እኔ አይነካ ያልኩት። እንዲህ የምትለኝ ለምንድን ነው ብዬ እስከ ቤቴ አሰብኩ። ልታሽሟጥጠኝ ነው? ሊሆን ይችላል። አይመስለኝም። ለብርቄ ስነግራት "አንተ አትድንም" አለች።

ለሄለን "አስበሽ ጨረስሽ ወይ?" ልላት ነበር፣ ስለ ድሮው ነገር። ሳልላት ታክሲዋ ሄደ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ሰዒድ ትናንት በረሃ ገብቷል። ጠዋት ሙሉ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጠበቅሁ። ስድስት ሰዓት ሲል አጭር መልእክት ገባ፦ "ጋሽ ታደለ ጧ ጧ የለም። አልሐምዱሊላህ።" ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬም አነበብኩት።

ከሰዓት አንድ ጎልማሳ ሞተር ሳይክል እየገፋ ገባ። አዲስ ክፍት ማርሚታ፣ ክፍት ፊልትሮ። "ቤንዚኑ መስተካከል አለበት እንዴ?" አለኝ።

ካንዴላውን አልነካሁም። "ወዴት ነው የምትነዳው?" አልኩት።

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ለምን ፈለጉት?" አለ።

ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ። ወንበር ሳብኩለት።

"ተቀመጥ" አልኩት። "መጀመሪያ ስለ ሽምብራ ልንገርህ።"