ለአባታቸው ቦታ የተዉት የወ/ሮ ያርዴና ሻሮኒ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ያርዴና ሻሮኒ ከአባታቸው ከረቢ ጌዳልያ ዛልፍማንና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሄንያ እ.ኤ.አ. በ1926 በኢየሩሳሌም ተወለዱ። ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ፍሩማ ነበር። አባታቸው የኦሪት ጥቅልል ጸሐፊ ስለነበሩ ፊደል የቆጠሩት በአባታቸው ጉልበት ላይ ነው። የእጅ ጽሑፋቸው ከሠፈሩ ጸሐፊዎች ሁሉ ያምር ነበር፤ ሴት በመሆናቸው ግን ኦሪት መጻፍ አልተፈቀደላቸውም። በዚህ አባትየው አዘኑ፤ ልጅየዋ ተናደዱ።

በ1944 ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ኢይዝራኤል ሸለቆ ወርደው ኪቡትዝ የሚባለው የጋራ እርሻ መንደር ገቡ፤ ስማቸውንም ያርዴና አሉ። ሲሰናበቱ «አገር የሚቆመው በአካፋ እንጂ በጸሎት አይደለም» ቢሏቸው፣ አባታቸው «አካፋ የሚይዘውን እጅ ማን ሰጠሽ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የሚጽፉላቸው እናታቸው ብቻ ነበሩ።

በ1947 የላም በረቱን ኃላፊ አቶ ጊድኦን ሻሮኒን አግብተው ዮታምንና ሔምዳን ወለዱ። አሥራ አንድ ዓመት በዶሮ ቤት ሠሩ፤ ስለ ዶሮ መልካም ነገር ሲናገሩ የሰማ ግን የለም። እጃቸው ስለሚያምር በፋሲካ ማዕድ ላይ የሚነበበውን መጽሐፍ በየዓመቱ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። በኪቡትዙ መጽሐፍ ሕዝቡ ራሱ ከግብፅ ይወጣል፣ ራሱ ባሕሩን ይሻገራል፤ የእግዚአብሔር ስም ከዳር እስከ ዳር የለበትም።

በ1952 እናታቸው ሲያርፉ፣ አባታቸው ፋሲካን ብቻቸውን እንዳይውሉ ወ/ሮ ያርዴና ወደ ኪቡትዙ ጠሯቸው። አባታቸው መጀመሪያ መጽሐፉ ይላክልኝ አሉ። ልጅየዋ ላኩላቸው። ኦሪት ጸሐፊ ገላውን ሳይታጠብ ስመ እግዚአብሔርን አይጽፍም፤ ቦታውን ትቶ ያልፋል፣ ታጥቦ ሲመለስ ይሞላዋል። ረቢ ጌዳልያም እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ፍሩማዬ፣ እጅሽ አሁንም ያምራል። ሳትታጠቢ የጻፍሽው ይመስላል፤ ይሁን። ግን እንዲያ ያለ ጸሐፊ ቦታ ይተዋል። ቦታ ተዪልኝ፣ እመጣለሁ።»

ነገሩ ለጠቅላላ ስብሰባ ቀረበ። «ዛሬ ቦታ፣ ነገ ምኩራብ!» ያሉ ነበሩ። አቶ ጊድኦን ተነሥተው «ሰዎች፣ ለአንድ ሽማግሌ የአውራ ጣት ስፋት ከነፈግን አገር ሠራን ብለን አናውራ» አሉ። በአርባ ሦስት ድምፅ ለአርባ አንድ ጸደቀ። ወ/ሮ ያርዴና ሃያ ሁለት ገጽ እንደ አዲስ ጻፉ።

የኪቡትዙ ወጥ ቤት የኦሪትን የምግብ ሕግ ስለማይጠብቅ አባታቸው የራሳቸውን ሳህን፣ ቂጣና አሥራ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ይዘው መጡ። ባዶው ቦታ በደረሰ ቁጥር ስሙን ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ የበረቱ ሰዎች «ሕዝቡ!» ይላሉ፤ ልጆች የበቅሏችንን ስም ይጮኻሉ። ረቢው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በ1965 እስኪያርፉም አንድ ፋሲካ አልቀሩም።

ኋላ ሔምዳ ሃይማኖተኛ ሆና ቦታው ይሞላ አለች፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ይዘጋ አለ። «አርፋችሁ ብሉ» ብለው ሁለቱንም መለሱ።

ወ/ሮ ያርዴና በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2012 በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው በ1999 ቀድመዋቸዋል። ሁለት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና አራት የልጅ ልጅ ልጆች አፍርተዋል።

ከትራሳቸው ሥር ይህ ወረቀት ተገኝቷል፦ «ዮታም የሙታንን ጸሎት ያንብብልኝ። አምኜ አይደለም። ለአባቴ ቦታ ተውኩለት እንጂ ስሙን ሲጠራ አንድ ቀን እንኳ አብሬው አሜን አላልኩም፤ የሚቆጨኝ እሱ ነው።»

ዮታም በስልሳ ሁለት ዓመቱ ምኩራብ ረግጦ አያውቅም። ሁለት ቀን በረት ውስጥ እኅቱ ስታለማምደው ሰነበተች፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሁልጊዜ ይሳሳታል። ዛሬ ሲያነብ ቢሳሳት መሳቅ ትችላላችሁ፣ እናቱም ይስቁ ነበር። ሲጨርስ ግን ያመናችሁም ያላመናችሁም፣ እባካችሁ አብራችሁት አሜን በሉ።

ነፍሳቸው በሕያዋን ማኅደር ትረፍ።