የፊላው ዝይና የኔ ፀበል

ኅዳር 2፣ ጠዋት 12፡40
ውርጭ። ጣቴ ብዕር አልይዝ ብሏል፤ አንተ ደብተር፣ ጽሕፈቴን ታገሥ። ኩሬው ዳር ነኝ፣ ባጃጅ ከሚታጠብበት ማዶ። ዳክዬ 14። ጋጋኖ 6፤ እንደ ልማዳቸው ይጨቃጨቃሉ። የውጭ አገር ብርድ ሸሽተው የመጡ ባለ ረጅም ጭራ ዳክዬዎች 3። እሷም አለች። ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ፣ ፊላው ውስጥ ቁጭ ብላ። ላንዳፍታ ተነሣች፤ በአቅራቢ መነጽሬ አየሁ። አምስት እንቁላል! መጽሐፌ በዚህ ወር አትጥልም ይላል። እሷ መጽሐፉን አላነበበችም። ከአገራችን ውጭ የትም የማትኖር ወፍ፣ ደብረ ታቦርን ሁሉ ትታ ከኔ ቤት በታች! ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። በአንድ ወር ይፈለፈላሉ።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት
ከዕድር ስብሰባ መልስ። በግኛለሁ። የዕድራችን ዳኛ ጥላሁን የሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር ሲታጠን፣ የሰፈሩ ቆሻሻ ኩሬው ዳር ተከምሮ ከፊላው ጋር ይቃጠል አለ። ፊላው የትንኝ መራቢያ፣ የጅብ መደበቂያ ነው አለ። ተማሪዬ ነበር፤ ያኔም አይሰማም። ተነሥቼ ስለ ዝይዋ ተናገርኩ። ሩብ ሰዓት፤ አሳምሬ። ስጨርስ አንዷ ሥጋዋ ይበላል ወይ ብላ ጠየቀች። ሳቁ። ጥላሁን ደግሞ፦ «እትየ፣ እንደው ለአንዲት ወፍ ብለን በሽታ እናሳድር?» ተጨበጨበለት። ሰባት ቀን አለኝ። አላርፍም።

ኅዳር 8
ዛሬ አንድ ነገር አደረግኩ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ጠዋት አንድ አዛውንት መነኩሴ፣ ከጣራ ገዳም የመጡ፣ ኩሬው ዳር ፊታቸውን ታጠቡ፣ አማተቡ፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ይኸው ነው። ፊቱን ታጥቦ የማያማትብ ማን አለ? እኔ ግን ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ፣ አንድ አባት ከፊላው ሥር ያለውን ውሃ ባርከውት ሄዱ አልኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ጮክ ብዬ ብናገር ማንም አይሰማኝም ነበር። ሴቶቹ ዱቄታቸውን ረሱት።

ኅዳር 10
ጀሪካን በጀሪካን! ሰዉ ጫማውን እያወለቀ ይወርዳል። ባጃጅ አጣቢዎቹ በራሳቸው ጊዜ ወደ ታችኛው ወራጅ ውሃ ሄዱ። ፊላውን ማንም እንዳይረግጠው በገመድ አጥረውታል፤ እኔ ብለምን አንድ ዓመት ይፈጅብኝ ነበር። ጥላሁን ራሱ ጠርሙስ ይዞ መጣ፣ ለወገቡ። ማቃጠሉ ቀርቷል፤ ፀበል ያለበት ቦታ እሳት ማን ይለኩሳል? ዝይዋ ንቅንቅ አላለችም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከንክኖኛል። ግን ውሃ ነው፤ ቢጠመቁበት ማንን ይጎዳል?

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
ከተማው በጭስ ታፍኗል። ኩሬው ብቻ ጥርት ብሏል። አምስቱም አሉ። አሸነፍኩ። ይመዝገብልኝ።

ኅዳር 17፣ ጠዋት 1፡00
ዳክዬ... አልቆጠርኩም። ስንዱን አገኘኋት። የጎረቤቴ የወ/ሮ ዓለምነሽ ልጅ፣ ከኩዌት ከተመለሰች ሁለት ዓመት የሆናት። የሚጥል በሽታ አለባት፤ ክኒን ከጀመረች ወዲህ ግን አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም። ፀጉሯ እርጥብ፣ ጥርሷ በብርድ ይንቀጫቀጫል፣ ፊቷ በርቷል። ክኒኑን ከተውኩ ሳምንቴ አለችኝ። ፀበሉንም ክኒኑንም አብረሽ ያዥ፣ እግዜር አይቀየምም አልኳት። «እትየ፣ በሁለት ልብ ሁኜማ እንዴት ይሰማኛል?» አለችና እጄን ስማ ሄደች።
ምን አደረግኩ?

ኅዳር 19
ወደቀች። ውሃው ዳር፣ ግንባሯ ድንጋይ ላይ። ሁለት ሴቶች ጎትተው ባያወጧት ፊቷ ውሃ ውስጥ ነበር። ሮጬ ደረስኩ። እናቷ እልል ትላለች! ሰይጣኑ ሊለቃት ነው፣ ተጋለጠ እያለች። ሰዉ ሁሉ እግዚኦ። አሁን ጭራሽ ሰባት ቀን ጨምሪ ብለዋታል። ግንባሯን እኔ አሠርኩላት። መነጽሬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አፈርኩበት።

ኅዳር 20
ለስንዱ እውነቱን ነገርኳት። ብቻዋን፣ በሩን ዘግቼ። አላመነችኝም። አንቱ ይህን የሚሉት ሊፈትኑኝ ነው፣ ያዩትን መደበቅዎም ትሕትና ነው አለች። ትሕትና! በሕይወቴ ማንም ሰምቶኝ አያውቅም ስል ኖሬ፣ አንዴ በተሰማሁበት የተናገርኩት ውሸት።
የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አልተቆጡም። ወፍጮ ቤት የተናገርሽውን ጓዳ ውስጥ አትመልሺውም፣ ሰው ፊት ያልሽውን ሰው ፊት አንሺው አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ እውነተኛ ፀበልም ቢሆን መድኃኒት ጣሉ አይልም አሉ። ይህንንም አብረውኝ ቆመው ይናገራሉ።
ለመፈልፈል ግን ሁለት ሳምንት ያህል ይቀራል። ነገ ብናገር ገመዱ ይነሣል፣ ጥላሁንም ክብሪቱን ያነሣል። ሁለት ሳምንት ዝም ብልስ? አሰብኩት። አልዋሽህም፣ ደብተር፤ አሰብኩት። ስንዱ ሁለት ሳምንት ላይኖራት ይችላል።

ኅዳር 21፣ ጽዮን፣ ጠዋት 12፡10
ተኝቼ አድሬአለሁ፤ የወሰነ ሰው ይተኛል። ቅዳሴ ሲያልቅ ዕድርተኛው ቅጥሩ ውስጥ ይሰበሰባል። እቆማለሁ። ባርከውት ሄዱ ያልኩት እኔ ነኝ፣ መነኩሴው አልባረኩትም፣ ለወፏ ብዬ ዋሸሁ እላለሁ። ይሳቁ፤ ስቀውብኝ ያውቃሉ። ይሳደቡም። ከዚያ ስለ ዝይዋ እንደገና እናገራለሁ፣ በዚያው አፌ፣ ማንም ባይለምነኝም። ጥላሁን ከመጣ ፊላው መሃል ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ አስተማሪውን አያቃጥልም።
ግን ይህ ሁሉ በኋላ። ወ/ሮ ዓለምነሽ በራቸውን ሲከፍቱ ሰማሁ። ከስንዱ ጋር ወደ ውሃው ሊወርዱ ነው። ቅዳሴ እስኪያልቅ አልጠብቅም። አሁን፣ መንገድ ላይ፣ እናቷ ፊት እነግራቸዋለሁ፤ ክኒኑን ስትውጥም በዓይኔ ሳላይ አልመለስም።